ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ



በ2017 እ.ኤ.አ. አንዲት እህታችን እዚሁ ኩዌት ከሰባተኛ ፎቅ ስትወድቅ መዳሟ በስልክ ትቀርጽ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህታችን ተረፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት መዳሟን ባለመርዳቷ 20 ወር እስራት ፈረደባት። ራሷ የቀረጸችው ቪዲዮ መሰከረባት።

የእኛን ግን ማን ይቀርጽልናል? እኔ በተመታሁ ጊዜ ቁስሌ እስኪድን ዝም አልኩ። ጠባሳው ቀረ፤ ማስረጃው ጠፋ።

ስለዚህ እህቴ፣ የተመታሽ ዕለት 112 ደውዪ ወይም መኽፈር ሂጂ። ሐኪም ቤት መዳም አጠገብሽ ቆማ «ወድቃ ነው» ብትልም፣ አንቺ እውነቱን ተናገሪ፤ እንዲጻፍልሽም ጠይቂ። የክሱን ቁጥርና የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ለምታምኛት ሰው ላኪ።

አሠሪ ታሰረ ማለት ካሳ ተከፈለሽ ማለት አይደለም። ካሳ ራሱን ችሎ ይጠየቃል። «ትኬት ቆርጠንልሻል፣ ፈርሚ» ቢሉሽ ሳይነበብልሽ አትፈርሚ፤ ወረቀቱ ተናዙል፣ መብትሽን የምትለቂበት ሊሆን ይችላል። አገር መግባት ከፈለግሽ አስቀድመሽ ለጠበቃ ውክልና ስጪ።

ይቅር ማለት መልካም ነው። ይቅርታ ግን የተሰበረ እጅ አያሳክምም። ካሳ መጠየቅ ቂም አይደለም።