የማረም ወንፈል



ውድ የሶፍትዌር ተመራቂዎች፣ ገጠር ያደጋችሁ ወንፈልን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጎረቤቴ ማሳዬን ካረመልኝ ነገ እኔ የእሱን አርማለሁ። ጠላው ቢጠጣ፣ እንጀራው ቢበላም የጉልበት ዕዳ የሚመለሰው በጉልበት ነው። አማርኛችን አረም መንቀሉንም ስህተት ማቃናቱንም «ማረም» ይለዋል። የእናንተም ሙያ ማረም ነው።

የምትቀጠሩባቸው ኩባንያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዱን ማንም ሊያየውና ሊያርመው በሚችል ፕሮግራም ላይ የቆሙ ናቸው። ኦፕን ኤስኤስኤልን ውሰዱ፤ በኢንተርኔት ስንገበያይ የይለፍ ቃላችንን ከሌባ ከሚጠብቁት አንዱ ነው። መጋቢት 2006 ዓ.ም. «ሃርትብሊድ» የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘበትና ዓለም ደነገጠ። ግዙፍ ኩባንያዎች የተደገፉበትን ይህን ፕሮግራም የያዙት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ በዓመት የሚደርሳቸው መዋጮም 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ አይቢኤምና ሌሎችም በሊኑክስ ፋውንዴሽን አስተባባሪነት ለእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በዓመት 100,000 ዶላር ለሦስት ዓመት ሊሰጡ ቃል የገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ጠቅሟል። ነገር ግን ገንዘብ ጠላው ነው፤ ማሳው እጅ ይፈልጋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን አንድሬስ ፍሮይንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ፖስትግሬስ የተባለውን ኦፕን ሶርስ ዳታቤዝ ከማኅበረሰቡ ጋር ያለማል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ሙከራ ሲያካሂድ ወደ ኮምፒውተሩ ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ። ችላ አላለውም። ሲከታተለው ኤክስዜድ በተባለ የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ፣ ሰርጎ ገብን የሚያስገባ የጓሮ በር አገኘ። ፕሮግራሙን ለዓመታት የያዘው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ሲደክመው «ላግዝህ» ብሎ የተጠጋው ሰው ነው በሩን የሸሸገው። ለደከመ ሰው ወዳጅ ካልደረሰለት ጠላት ይደርስለታል።

እኔም በወጣትነቴ በምሠራበት ድርጅት፣ በአንድ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ላይ ያገኘነውን ስህተት አርመን እርማቱን ለራሳችን አስቀረነው። አዲስ ቅጂ በወጣ ቁጥር እርማታችን ይፈርስና ሥራው እንደ አዲስ ይጀመር ነበር። በሦስተኛው ጊዜ እርማቱን ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ላክንላቸው። አዩት፣ አሻሻሉት፣ ተቀበሉት። ያንን ስህተት ዳግም አላረምነውም። ያካፈልነው ሥራ ለእኛው ዕረፍት ሆነን።

ልጆቼ፣ ሥራ ስትጀምሩ መሥሪያ ቤታችሁ የሚጠቀምባቸውን ኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞች ዘርዝሩ። አንዱን ምረጡና ማን እንደሚያርመው እዩ። አንድ ሰው ብቻውን አጎንብሶ ካገኛችሁት አለቃችሁን ሰዓት ጠይቁና ማሳው ውስጥ ግቡ። ያ ሰው የእናንተን ማሳ ሲያርም ኖሯል፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው።

እንኳን ደስ አላችሁ!