ላፕቶፑ አልተበላሸም፤ አስተርጓሚ አጥቶ ነው

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር፣ መተማ ዮሐንስ



በ2016 ዓ.ም. የማኅበሩ ላፕቶፕ ሁለት ወር ያህል ከሥራ ውጭ ሆኖ፣ ቁጠባችሁን እንደ ድሮው በደብተር ስንመዘግብ መክረማችንን ታስታውሳላችሁ። ያኔ «ምን ሆኖ ነው?» ስትሉን «ድራይቨር ጠፍቶ ነው» ብለን አለፍን። አንዲት እናታችን «ሹፌር ነው የጠፋው? ታዲያ ሌላ አይቀጠርም ወይ?» ብለው አሳቁን፣ ነገሩም በሳቅ ቀረ። አሁን ግን ሁለት ላፕቶፖች ሊሰጡን ቃል ተገብቷል። ስለዚህ ከመምጣታቸው በፊት የዚያን ጊዜውን ነገር ከነስህተታችን እንድንነግራችሁ ሥራ አስፈጻሚው አዘዘን።

ላፕቶፑ ሲመጣ የነበረበት ኡቡንቱ ነው። ኡቡንቱ በነፃ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ ተነስቶ ሌላውን ሁሉ የሚያሠራ ማለት ነው። የአባላቱን ቁጠባና ብድር በእሱ ላይ በሊብሬኦፊስ መዝግበን ነበር፣ ችግርም አልገጠመንም። ኋላ ግን ሒሳባችን በፒችትሪ እንዲሠራ ተጠየቅን። ፒችትሪን ሒሳብ የተማርን ሁሉ ከኮሌጅ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ላይ ነው። ኡቡንቱን ደግሞ ማጥፋት አልፈለግንም፤ ሁለት ዓመት የለፋንበት መዝገብ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ከፍለን ዊንዶውስ 10ን በጎኑ ለማስጫን ወሰንን።

የጫነልን ልጅ የዚሁ የከተማችን ልጅ ነው። ዲስኩን ሲከፍል ተጠንቅቆ ነው የሠራው፣ ይህን መመስከር አለብን። ዊንዶውስም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገባ። ሲነሳ ግን ዋይፋይ የለም፤ ድምፅ የለም፤ በጣት የሚነካው ሰሌዳ ወደ ላይና ወደ ታች አያንሸራትትም። ከሁሉ የባሰው ስክሪኑ ነበር። ፊደሉ ሁሉ ገዝፎ፣ የፒችትሪ መስኮት ከስክሪኑ በልጦ፣ «ሴቭ» የሚለው ቁልፍ ከታች ተቆርጦ ቀረ። ሒሳብ ሠርቶ ማስቀመጥ የማይቻልበት የሒሳብ ፕሮግራም ምን ያደርግልናል?

ድራይቨር ምን እንደሆነ እዚህ ላይ እንንገራችሁ። ድልድዩን ተሻግሮ ከገላባት የመጣ ነጋዴ ዓረብኛ ይናገራል። ሰሊጥ የምትሸጠው እህታችን አማርኛ ትናገራለች። ሁለቱም ብሩን ያውቃሉ፣ ሁለቱም ሚዛኑን ያውቃሉ፤ መሃል ገብቶ የሚያስተረጉም ከሌለ ግን ቆመው መተያየት ነው። (መተማ ውስጥ ዓረብኛ የማይሞክር ሰው እንደሌለ እናውቃለን፤ ለምሳሌ ያህል ነው።) ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ዋይፋይ፣ ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ክፍል፣ ድምፁ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ቋንቋ አለው። ዊንዶውስ ከእነሱ ጋር የሚነጋገረው ድራይቨር በሚባል ትንሽ ፕሮግራም በኩል ነው። ኡቡንቱም የራሱ ድራይቨሮች አሉት፤ የኡቡንቱ አስተርጓሚ ግን ለዊንዶውስ አይሠራም። በአንዱ በኩል ዋይፋዩ ደህና እየሠራ በሌላው በኩል እንዳልነበረ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዕቃው ምንም አልሆነም።

ልጁ ይህን አላሰበውም። «ይህ ማሽን ዊንዶውስ አይቀበልም፤ ሁሉንም ፎርማት አድርገን ከባዶ እንጀምር» አለን። እኛም ፈራን። ከዚያ በፊት ማሽኑን አጥፍተን ስናበራው ወደ ዊንዶውስ ብቻ እየገባ ስለነበር፣ ኡቡንቱ ጭራሹን የጠፋ መስሎን ነበር። አልጠፋም። ኋላ የተጫነው ዊንዶውስ ራሱን ቀዳሚ ስላደረገ ነው። ማሽኑ ሲበራ የማስነሻ ምርጫውን የሚያወጣውን ቁልፍ መጫን ነው፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ኤፍ 12 ወይም ኤፍ 9 ነው። ከዚያ የሁለቱም ስም ይመጣል።

ሆኖም ኡቡንቱ ቢጠፋ እንኳ ብለን መዝገቡን የገለበጥንበትን የውጭ ዲስክ አምጥተን ሰካነው። ዊንዶውስም «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ያድርጉት» የሚል መስኮት አወጣ። ልጁ «አያችሁ፣ ባዶ ነው» ብሎ ማውሱን ወደ ቁልፉ ወሰደ። ከእኛ አንዷ እጁን ያዘችው። ዲስኩ ባዶ አልነበረም። ያዘጋጀነው በኡቡንቱ አጻጻፍ ስለነበር ዊንዶውስ ሊያነበው አልቻለም፤ ዓረብኛ የማያነብ ሰው የዓረብኛ ደብተር ገልጦ «ምንም አልተጻፈበትም» እንደማለት ነው። ያ ቁልፍ ተጭኖ ቢሆን የሁለት ዓመት መጠባበቂያችን በዚያች ደቂቃ ይሄድ ነበር። እንጀራ ሸጠው በየሳምንቱ ያስቀመጡ፣ በአጨዳ ጊዜ ለሳሉጎቹ ወጥ ሠርተው ያጠራቀሙ እናቶች ስም ዝርዝር ነው። ዛሬም ስናስበው ይዘገንነናል። አሁን ዲስኩን ኤክስፋት በሚባለው አጻጻፍ አዘጋጅተነዋል፤ ሁለቱም ሲስተሞች ያነቡታል።

ፎርማቱን አሻፈረኝ አልን። የጠፋው ድራይቨር ነው ካልን ድራይቨሩን ማምጣት ነው። ኢንተርኔት ቢኖር ዊንዶውስ ራሱ አብዛኛውን ፈልጎ ያወርድ ነበር። ያኔ ግን የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን የተቋረጠበት ጊዜ ነው። ኢንተርኔት ቢኖርም እንኳ፣ ኢንተርኔቱን የሚቀበለው ዋይፋይ ራሱ ድራይቨር የሌለው ሆነብን። ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት እንደቀረ ሰው ማለት ነው።

ጎንደር የሚማር የአንዲት አባላችን ልጅ ነበር። እናቱ ለሌላ ጉዳይ ስትሄድ የላፕቶፑን ስም በወረቀት ጽፈን፣ ፍላሽ ጨምረን ላክናት። በገንዳ ውኃና በአይከል አልፋ ጎንደር ለመድረስ መንገዱ በየቀኑ የማይከፈትበት ጊዜ ነበር። ፍላሹን ይዛ ስትመለስ ደስታችን ልክ አልነበረውም። ከፈትነው፣ ጫንነው፤ «ለዚህ ድራይቨር የሚሆን ዕቃ በዚህ ኮምፒውተር ላይ አልተገኘም» አለን።

ጥፋቱ የእኛ ነው። የጻፍነው ክዳኑ ላይ ያለውን ትልቁን ስም ነበር። በዚያ ስም የሚሸጡ ላፕቶፖች ግን ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዱ የኢንቴል፣ ሌላው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር አለው፤ ዋይፋዩም በአንዱ ከአንድ ፋብሪካ፣ በሌላው ከሌላ ፋብሪካ ነው። ልጁ ከተዘረዘሩት የመጀመሪያዎቹን አውርዶ ላከ፤ ምን ያድርግ? መጻፍ የነበረብን ከላፕቶፑ ሥር በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን ሙሉ የምርት ቁጥር ነው። ከዚያም በላይ የሚያስተማምነው የዕቃው የራሱ ቁጥር ነው።

ይህን ቁጥር የሰጠን ኡቡንቱ ነው፤ ሊደመሰስ የነበረው ኡቡንቱ። በእሱ በኩል አስነስተን ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፈትንና ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ ብለን፣ ክፍት ቦታ ትተን፣ አጭር ጭረት አድርገን፣ ኤን ኤን ጨምረን ኢንተር አልን። በላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ከነስማቸው ተዘረዘሩ። ከእያንዳንዱ ስም ኋላ በቅንፍ ውስጥ በሁለት ነጥብ የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው የፋብሪካው ነው፤ 8086 ኢንቴል ነው፣ 10ኢሲ ሪልቴክ ነው። ሁለተኛው የዕቃው ነው። የእኛ ዋይፋይ 10ኢሲ፣ ሲ821 ሆኖ ተገኘ፤ የሪልቴክ ነው። መጀመሪያ የመጣልን የኢንቴል ነበር።

ይኸው ቁጥር በዊንዶውስ በኩልም ይገኛል። ከታች በግራ ጥግ ያለውን የዊንዶውስ ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ዲቫይስ ማናጀር የሚለውን ክፈቱ። ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ሁሉ አስተርጓሚ የሌለው ነው። ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉት «ኮድ 28» ካለ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ዲቴይልስ የሚለው ገጽ ላይ ሃርድዌር አይዲ የሚለውን ስትመርጡ ያ ቁጥር ይወጣል። ይህን ቀድመን ብናውቅ የመጀመሪያው ፍላሽ በከንቱ ባልተመላለሰ ነበር።

ስልክ ይሠራ ስለነበር ጎንደር ደወልን። «እታለም፣ በቀስታ» እያለ ልጁ ጻፈ። አሥር፣ ኢ፣ ሲ፤ ከዚያ ሲ፣ ስምንት፣ ሁለት፣ አንድ። የሒሳብ ሰው ቁጥር ማንበብ ይችላል ብላችሁ አትመኑ፤ ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ እሱም መልሶ አነበበልን። የምስሉንም እንዲሁ። «ዊንዶውሱ 64 ቢት ነው ወይስ 32?» ብሎ ጠየቀን፤ አየንና 64 አልነው። ይህም ሳይጠየቅ መነገር ያለበት ነገር ነው፤ የ32ቱ ድራይቨር ለ64ቱ አይሆንም።

ሁለተኛው ፍላሽ በሳምንቱ መጣ። መጀመሪያ ቺፕሴት የሚባለውን፣ ቀጥሎ የምስሉን ጫንን። ስክሪኑ አንዴ ጠቆር አለና ሲመለስ ፊደሉ ሰብሰብ ብሎ የፒችትሪው «ሴቭ» ከታች ብቅ አለ። እልል ያለችም ነበረች። ዋይፋዩ በራሱ መጫኛ እምቢ ስላለ በዲቫይስ ማናጀር ገብተን፣ አፕዴት ድራይቨር ብለን፣ ከኮምፒውተሩ ፈልግ የሚለውን መርጠን ፎልደሩን አሳየነው፤ ተቀበለ። አንድ ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ቢጫ ምልክቱን ይዞ ቀርቷል። ሥራ አላስተጓጎለም፣ እኛም አልነካነውም።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች አስቸግረውናል። ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ስንገባ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሁለቱ የማሽኑን ሰዓት የሚያነቡበት መንገድ ስለሚለያይ ነው፣ ሦስቱ ሰዓት የእኛና የግሪንዊች ልዩነት ነው። ሌላው፣ ዊንዶውስን ሻት ዳውን ብለነው እንኳ ፋስት ስታርትአፕ በሚባለው ምክንያት በግማሽ ያንቀላፋል። ያኔ ኡቡንቱ የዊንዶውስን ክፍል ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ፋስት ስታርትአፕን አጠፋነው፣ ተገላገልን።

ባለፈው ዓመት ደግሞ በሌላ የቆየ ላፕቶፕ ላይ የተገላቢጦሹን ሠራን፤ ዊንዶውስ ባለበት ላይ ኡቡንቱን ጨመርን። የዚያኛው ዋይፋይ ብሮድኮም ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ወዲያው አልሠራም። አዲሽናል ድራይቨርስ የሚለውን ከፍተን፣ መጫኛውን ፍላሽ እንደሰካን ከዚያው ከፍላሹ ወሰደ፤ ያለ ኢንተርኔት። ሲኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ በርቶ ስለነበር ግን ሲነሳ በሰማያዊ ገጽ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ያንን ሳታዩ ካለፋችሁት ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም።

አሁን ኢንተርኔት ያላችሁ ደግሞ ይህን ያህል አትቸገሩም። ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና በስልኩ ላይ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩ። ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ስለሚያየው የዋይፋይ ድራይቨር ባይኖርም ኢንተርኔት ይገባል። በዚያ የዋይፋዩን አውርዳችሁ ገመዱን ትነቅላላችሁ።

ለጋሾቻችንም የምንለው አለን፤ በፍቅር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት ዊንዶውስ 11 የማይችሉ ላፕቶፖችን ይሰጣል፤ ለእኛም የሚደርሱን እንዲህ ያሉት ይሆናሉ። በደስታ እንቀበላለን። ነገር ግን ንጹሕ አድርጋችሁ ደምስሳችሁ ከምትልኩልን፣ ከመደምሰሳችሁ በፊት ድራይቨሮቹን በፍላሽ አውጡልን። ዊንዶውስ ያሉትን ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር የሚያወጣበት ዲስም የሚባል ትእዛዝ አለው፤ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። የምርት ቁጥሩንም በወረቀት ጻፉልን። እናንተ ጋ ከሻይ ዕረፍት የማይበልጥ ሥራ ነው፤ እኛ ጋ ግን አንዲት እናት ባልተረጋጋ መንገድ ጎንደር ደርሳ እንድትመለስ አድርጓል።

የራሳችንን ሁለት ላፕቶፖች ድራይቨር የያዘው ፍላሽ፣ ከቁጥሮቹ ዝርዝር ጋር፣ ከማኅበሩ ማኅተም ጎን በገንዘብ ያዥዋ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሚፈልግ በፊርማ ይወስዳል፣ በፊርማ ይመልሳል።