ትውውቅም ፊርማም
(በዓመታዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ቻይናና ስለ አሜሪካ ነጋዴዎች ነው። «ደጀን ተቀምጠን እነሱ ምን ያገቡናል?» የምትሉ አትጠፉም። አምና ጤፋችንን በቃል ተስማምተን አዘጋጅተን፣ ዋጋ ሲወርድ ገዥው ቀርቶብን ጆንያው ሁለት ወር ቤት ውስጥ ከርሟል። ስለዚህ ያገባናል።

የቻይና ነጋዴ በአብዛኛው አስቀድሞ ሰውየውን ማወቅ ይፈልጋል። አብሮ ይበላል፣ ይመላለሳል። ውል ቢፈረምም ሁኔታው ሲለወጥ እንደገና ተቀምጦ መነጋገር ነውር የለውም። አሜሪካዊው ቶሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ዋጋው፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ ካልተፈጸመም የሚከተለው ሁሉ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚዳኘው ወረቀቱ ነው። ሁሉም እንዲህ ነው ማለታችን ግን አይደለም።

በአገራችን ሁለቱንም አይተናል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነሐሴ 2003 ዓ.ም. ቻይና ሄደው ባለሀብቶችን ጋበዙ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ሁዋጂያን የተባለው ጫማ ፋብሪካ ዱከም ላይ ሥራ ጀመረ። ትውውቅ እንዲህ ያፈጥናል። ግን የሚያውቃት ሰው የሌላት ሴት ከደጅ ትቀራለች።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባው የቻይና ተቋራጭ ነው። ከገቡት ዋነኛው ደግሞ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ነበር። አሜሪካኖቹ ስለ ሠራተኛ ደህንነትና ስለ ፍሳሽ አያያዝ የተጻፈ ደንብ ይዘው መጡ። የተጻፈ ደንብ ዘመድ ለሌላትም ይሠራል። ሆኖም በጦርነቱ ጊዜ፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምትሸጥበት ከአጎዋ ወጣች። በፓርኩ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ እንጀራቸውን አጡ። ወረቀት ሥራውን ያስተካክላል፣ ሄያጁን ግን አያስቀርም።

እኛ ለትውውቅ እንግዳ አይደለንም። ዕቁባችንም ዕድራችንም የቆመው በመተማመን ነው። የጎደለን ጽሑፉ ነው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ።

ስለዚህ ለዘንድሮ ሦስት ነገር እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ገዥውን ሦስት አባላት ሄደው በቦታው ይዩት፤ እሱም መጥቶ ጎተራችንን ይይ። ሁለተኛ፣ ዋጋው፣ መጠኑ፣ የመረከቢያው ቀንና ቅድመ ክፍያው በአማርኛ ተጽፎ፣ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ተነቦ ይፈረም። ሦስተኛ፣ ጤፋችንን ሁሉ ለአንድ ገዥ አንስጥ።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን፤ በዚህ ዓመት ውል ማንበብና መጻፍ የሚያስተምረን ሰው አምጡልን። ጤፉን እኛ እናመርታለን።