የቁጠባ መዝገባችን ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?



ከሂሳብ ክፍል ተነስተን ስለ ኮምፒውተር ማውራታችን ይገርማችሁ ይሆናል። ግን ቁጠባችሁም ብድራችሁም የተመዘገበው እዚያ ነው።

የአምናውን ድንጋጤ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ፍላሻችንን ለኅትመት ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክተን ስንመለስ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው አገኘናቸው። የወሰድንበት ጥገና ቤት «ፎርማት ይደረግ» አለን፤ እሺ ልንል ምንም አልቀረንም ነበር። ኋላ እንደተረዳነው ቫይረሱ ፋይሎቹን አላጠፋቸውም። ዊንዶውስ በየፋይሉ ላይ ከሚይዛቸው ምልክቶች አንዱን፣ «የተደበቀ» የሚለውን፣ ለጥፎባቸው ነው። ምልክቱ ሲነሳ መዝገባችን እንዳለ ወጣ።

የቢሮው ኮምፒውተር ዲስክ የተደራጀው ኤንቲኤፍኤስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። የእያንዳንዱን ፋይል ስም፣ ቀን፣ የተቀመጠበትን ቦታና ማን ሊከፍተው እንደሚችል በአንድ ዋና መዝገብ ይይዛል። በዚህ መዝገብ ላይ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ ይጽፋል። መብራት በመሃል ቢጠፋ ያንን አንብቦ ሥርዓቱን ያስተካክላል። እኛ የሂሳብ ሰዎች ይህን ስንሰማ ደስ አለን፤ የዕለት መዝገብ ማለት እኮ ነው! ሆኖም ሴቭ ያልተደረገ ቁጥር አይመለስም።

ፈቃድን በተመለከተ ጥፋቱ የራሳችን ነበር። ሁላችንም በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ስንገባ ኮምፒውተሩ ማን ማን እንደሆነ በምን ይለይ? አሁን ገንዘብ ያዧ ትጽፋለች፣ ኦዲተሯ ታነባለች እንጂ አትለውጥም። በፋት 32 የተዘጋጀ ፍላሽ ግን ይህ ቁልፍ የለውም፤ ያገኘው ሁሉ ይከፍተዋል።

የይለፍ ቃልም ብቻውን አይበቃም። ሌባ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካው ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ዲስኩን በቢትሎከር ቆልፈነዋል። የማስመለሻ ቁልፉ 48 አሃዝ ነው፤ ዲስኩ ሲጠይቀን ካጣነው እኛም ከውጭ እንቀራለን። በወረቀት ጽፈን ካዝና ውስጥ አስቀምጠናል።

የቀረን ቅጂ ነው። ዘወትር ዓርብ መዝገቡን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ከቢሮ ውጭ የሚያኖር ሰው ያስፈልጋል። በተራ የምትይዙልን ሁለት እህቶች ከስብሰባው በኋላ አነጋግሩን።