ዱላ የሌለው ቅብብል፦ የዋና ቡድን ለኮሌጆቻችን



ከጣና ዳርቻ ራቅ ብላ በተቆረቆረች ከተማ ስለ ዋና ልናገር መምጣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። ምክንያቴን ላስረዳ። ልጅ ሳለሁ አንድ የክፍል ጓደኛችንን ክረምት የሞላው ጉማራ ሲሻገር ወሰደው። ከዳር ሆነን የምናይ ዘጠኝ ነበርን። ሁላችንም ሮጥን፣ ሁላችንም ጮኽን፤ መዋኘት የሚችል ግን በመካከላችን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዋና ለእኔ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

የዱላ ቅብብል ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሩጫ ነው። በዋና ግን ዱላ የለም፤ ተራው የሚተላለፈው ግድግዳውን በመንካት ነው። ገቢው ዋናተኛ ሳይነካ የተረኛው እግር ከመነሻው ከተላቀቀ ውጤቱ የአራቱም ይሰረዛል። ሆኖም ተረኛው እግሩን ሳይለቅ ሰውነቱን ወደ ፊት መወርወር ይፈቀድለታል። ስለዚህ የጓደኛውን ክንድ በትክክል ያነበበ ሰው፣ የመነሻ ድምፅ ጠብቆ ከሚነሳው ግማሽ ሰከንድ ያህል ያተርፋል። ይህ ትርፍ የሚገኘው አብሮ በመለማመድና በመተማመን ነው።

በ2008 (እ.ኤ.አ.) በቤጂንግ ኦሎምፒክ የተደረገውን የወንዶች 4 በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ፈረንሳይ እየመራች ነበር፤ ተረኛዋም በ100 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ወደ ቤጂንግ የመጣው አላን ቤርናር ነበር። የ32 ዓመቱ አሜሪካዊ ጄሰን ሌዛክ ከኋላ ተነሥቶ የራሱን ርቀት በ46.06 ሰከንድ ዋኘና አሜሪካ በ3 ደቂቃ ከ8.24 ሰከንድ አሸነፈች። ልዩነቱ 0.08 ሰከንድ ብቻ ነበር። ማይክል ፌልፕስ በዚያ ኦሎምፒክ ካገኛቸው 8 ወርቆች አንዱ በዚህ የጓደኛው ክንድ የተገኘ ነው።

ሌዛክ የኮሌጅ ዋና ፍሬ ነው፤ የተማረውም የዋኘውም ሳንታ ባርባራ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአሜሪካ የኮሌጆች ዋና ሻምፒዮና የግል አሸናፊ 20 ነጥብ ሲያስገኝ፣ የቅብብል አሸናፊ 40 ያስገኛል። ስለዚህ አሠልጣኙ አንድ ኮከብ ይዞ መተኛት አይችልም፤ አራተኛውንም ማብቃት ግዴታው ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ 59ኛ ወጣ፤ ዓለምም ተሳለቀበት። ስለ ምርጫው የተነሣውን ክርክር ለሌሎች ልተው። እኔን ያሳሰበኝ የእርሱ ሰዓት ሳይሆን የእኛ ባዶነት ነው። ከጎኑ ተሰልፈው የሚገዳደሩት፣ ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ዋናተኞችን የሚያፈራ የኮሌጅ ሥርዓት አልነበረንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ አንድ ክር ልከን ግን አንበሳ እንዲያስርልን ጠበቅን።

«ጣና እያለ ገንዳ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የሚነካ ግድግዳ ግን የለውም። በዳርቻው ቢልሃርዝያ አለ፤ ጉማሬም አለ። ጀማሪ በዚያ አይሠለጥንም።

ጥያቄዬ ትንሽ ነው። የአካባቢያችን ኮሌጆች አንድ ባለ 25 ሜትር ገንዳ በጋራ ይሥሩ፤ እያንዳንዱም አራት ሴት፣ አራት ወንድ ያሰልፍ። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በገንዘብም፣ የውድድሩን ወንበር በመሙላትም ይደግፉ። ስምንት ለማሰለፍ ሠላሳ ማሠልጠን፣ ሠላሳ ለማግኘት መቶ ማስተማር ግድ ይላል። ከመቶው አብዛኞቹ ሜዳሊያ አያዩም። ነገር ግን ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ዓባይ ዳር የሚመለሱት እነርሱ ናቸው። መዋኘት የቻለ ሁሉ ጎርፍ ውስጥ ይግባ አልልም። ገመድ መወርወርን፣ የት እንደማይገባ መለየትንም አብረው ይማራሉ።

እኛ ዘጠኝ ሆነን ቆመን ነበር። አንድ የሠለጠነ ሰው በመካከላችን ቢኖር፣ ምናልባት ዛሬ ይህን ንግግር ከፊት ወንበር ተቀምጦ የሚሰማኝ ዐሥረኛ ይኖር ነበር።