የመስከረም ጓሮ በውቤ በረሃ

የአዲስ አበባው ሰፈር ውቤ በረሃ ስሙ በረሃ ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በበጋ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። የጓሮ አትክልት የሚታቀደውም ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ነው።

መጀመሪያ አፈሩን ጨብጡት። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ገና ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። ከተፈረፈረ ቆፍሩ። ጓሮ የሌላችሁ ደግሞ የአሮጌ ጀሪካን አፉን ቆርጣችሁ፣ ውሃው እንዲወርድ ታቹን ብሱና አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሙሉበት።

ቆስጣና ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ይቀጠፋሉ። ካሮት ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል፤ በተዘራበት ይደግ፣ ነቅለው ካዛወሩት ሥሩ ይጣመማል። ቲማቲም ብርድ አይወድም። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ሐበሻ ጎመን ነው፤ ታች ታቹን ቅጠል እየቀጠፋችሁ ለወራት ትበሉታላችሁ።

ከጥቅምት በኋላ ዝናብ አትጠብቁ። ማለዳ ማለዳ ሥሩን አጠጡ፣ አፈሩንም በደረቅ ሣር አልብሱት። ምስርና ሩዝ ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉት፤ ለጎመኑ ይሆናል። ዘሩን ግን መስከረም ሳያልፍ ግዙ።