ሳምባ በሁሩሙ ከበሮ

(ድምፅ፦ የከበሮ ምት፤ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል)

አቅራቢ፦ ቡና አብቃይ በሆነችው ሁሩሙ በነፃ የሚሳተፉበት የሳምባ፣ ማለትም የብራዚል ሙዚቃ፣ ከበሮ ቡድን ለማቋቋም ከምን ይጀመራል? አንድ ምሳሌ አለ፦ በብራዚሏ ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው ኦሎዱም የተባለ የከበሮ ቡድን የሰፈሩን ልጆች በነፃ ከበሮ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 ማይክል ጃክሰን አንድ የሙዚቃ ክሊፑን የሠራው ከኦሎዱም ከበሮ መቺዎች ጋር ነው።

(ድምፅ፦ ሁለት ከበሮዎች በየተራ)

የሳምባ መሠረቱ ሱርዶ የሚባለው ትልቅ ከበሮ ነው። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ልክ እንደ አቀንቃኝና ተቀባይ። ትንንሾቹ ከበሮዎች መሃሉን በፈጣን ምት ይሞላሉ። መሪው በፊሽካና በእጅ ምልክት ያስጀምራል፣ ያስቆማል። ኖታ ማንበብ ግድ አይደለም።

ሱርዶ ከሌለ ድቤ ይበቃል፤ ለፈጣኑ ምት ደግሞ ባዶ ጀሪካንና ጣሳ። ቀጥሎ ምት የማይስት አንድ መሪ፣ ከመኖሪያ ቤት ራቅ ያለ ሜዳና ቋሚ ቀን ያስፈልጋል። ቡና ለቀማ ሲደርስ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ነው። ለክረምቱ ዝናብ መጠለያ ይፈለግ፤ ቆዳ ሲርስ ድምፁ ይሞታልና። ዕቃው የት እንደሚቀመጥና ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ከመጀመሪያው ቀን ይወሰን።

(ድምፅ፦ ከበሮው ከፍ ብሎ ያበቃል)